የአቶም እሳት ሳይነድ የአየሩን ልክ ስለ ማወቅ

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የዓባይ ግድብ በጉባ በተመረቀ ዕለት፣ መንግሥት ከውሃው ኃይል ቀጥሎ የአቶምን ኃይል ለሰላም ሥራ ለማዋል ያለው አሳብ ለሕዝብ ተገለጸ። ከዚህም በኋላ 16 ቀን ብቻ ቈይቶ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ፣ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና ሮሳቶም የተባለው የሩሲያ መንግሥት የአቶም ድርጅት ዋና ሹም የኑክሌር ኃይል ማብላያ በኢትዮጵያ ስለሚሠራበት መንገድ የሥራ ዕቅድ ተፈራረሙ። በዚያው ዓመትም ይህን ሥራ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። አሳቡ ግን ድንገት የበቀለ አይደለም። ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1957 በተመሠረተ ጊዜ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አባሎች አንዷ ነበረች፤ ከሩሲያም ጋራ ስለ አቶም የሰላም ጥቅም ጥቅምት 12 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶቺ ከተማ የመንግሥታት ውል ተደርጎ ነበር።

ነገሩ ከተሰማ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱና በየአደባባዩ የሚነገረው ስለ መብራቱ ብዛት፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ብድሩ፣ ጥበቡን ስለሚማሩትም ልጆች ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ማብላያው ከመተከሉ፣ የሚተከልበትም ስፍራ ከመታጠሩ በፊት መሠራት ያለበት፣ ድምፅ የሌለው አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የአገሩን አየርና ውሃ፣ አፈርና እህል የጨረር ልክ አስቀድሞ ለክቶ በመዝገብ መጻፍ ነው። ይህ ሥራ በጊዜው ሳይሠራ ቢቀር በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም፤ ያለፈ ዓመት አየር ተመልሶ አይለካምና።

ጨረር ሲባል ብዙ ሰው ከቦምብ ወይም ከማብላያ ብቻ የሚወጣ መርዝ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ከሰማይ፣ ከከዋክብት ዓለም የሚወርድ ጨረር አለ፤ ከድንጋይና ከአፈር የሚወጣም አለ፤ ሰው በሚበላው እህልና በገዛ ሥጋው ውስጥ እንኳ ፖታሲየም ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋራ የተቀላቀለ ጥቂት ጨረር ይገኛል። ሊቃውንቱ በሰው ላይ የሚያርፈውን ጨረር የሚሰፍሩበት መስፈሪያ ሲቨርት ይባላል፤ የሲቨርት ሺኛው እጅ ሚሊሲቨርት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሊቃውንት ኮሚቴ እንደ ቈጠረው አንድ ሰው በዓመት ውስጥ ከተፈጥሮ የሚቀበለው በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። ከሰው ሥራ የተነሣ በሕዝቡ ላይ በዓመት ሊጨመር የሚችለው የመጨረሻ ልክ ደግሞ 1 ሚሊሲቨርት ሆኖ ተወስኗል፤ በደኅና የሚሠራ ማብላያም የሚጨምረው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ጨረር አለ ወይስ የለም አይደለም፤ በፊት ስንት ነበረ፣ አሁንስ ስንት ሆነ ነው።

እዚህ ላይ የጉናን ተራራ ለምሳሌ መውሰድ ነገሩን ያብራራል። ማብላያው እዚያ ይተከላል ለማለት አይደለም፤ ጉና የውሃ እናት ስለ ሆነ፣ ደጋና ወይና ደጋውንም ባንድ ዓይን የሚያሳይ ስፍራ ስለ ሆነ ነው። ከደብረ ታቦር ወዲያ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ይህ ተራራ በላዩ ጓሳና ጅብራ፣ ከሥሩ ገብስና ድንች ይበቅልበታል። ርብና ጉማራም ከእርሱ ተነሥተው የፎገራን ሜዳና የሩዙን እርሻ እያጠጡ ጣና ይገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ወገን ጉና ላይ የወረደ ነገር ውሎ አድሮ ወደ ጣና ይወርዳል ማለት ነው።

የሰማይ ጨረር ከፍታ በጨመረ ቍጥር ይበረታል፤ ከላይ የሚመጣውን የሚያለዝበው አየር እየሳሳ ይሄዳልና። በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው ከሰማይ ብቻ በዓመት 0.3 ሚሊሲቨርት ያህል ይቀበላል፤ በ1,660 ሜትር ላይ ባለችው በናይሮቢ 0.58፣ በ2,840 ሜትር ላይ ባለችው በኪቶ 1.13፣ በ3,900 ሜትር ላይ ባለችው በላፓስ 2.02 ሆኖ ተቈጥሯል። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች ከኪቶ ጋራ ትቀራረባለች፤ የጉና ራስ ላፓስን ያልፋል፤ የፎገራ ሜዳ ከናይሮቢ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጉና የላይኛው ደጋ የወጣና ዓመቱን ሙሉ እዚያ የተቀመጠ እረኛ፣ በአገሩ አንድም ማብላያ ሳይኖር፣ ሕጉ ለሰው ሥራ ከወሰነው ከ1 ሚሊሲቨርት የሚበልጥ ጭማሪ ያገኛል። ይህ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ የደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ኖሮበታል። ነገር ግን ይህን ያላወቀ ሰው መለኪያ ይዞ ከሜዳው ወደ ተራራው ቢወጣ፣ መርዝ አገኘሁ ብሎ ገበያውን ሊያሸብር ይችላል። ድንጋዩም እንደዚሁ ይለያያል፤ ጥቍሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዩራኒየምና ቶሪየም ያነሰበት ሲሆን፣ ነጣ ያለው ድንጋይና ግራናይቱ ይበዛበታል። ከአንድ ቀበሌ እስከ ሌላው ቀበሌ ልኩ አንድ አይሆንም።

ከተፈጥሮው ሌላ የሰው እጅ ሥራም አስቀድሞ በዚህ አፈር ላይ ወርዷል። ከ1937 ዓ.ም. እስከ 1973 ዓ.ም. ድረስ ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ ከ500 የሚበልጡ የአቶም ቦምቦች ፈትነዋል፤ ፈረንሳይም በየካቲት 1952 ዓ.ም. በሰሐራ በረሃ በሬጋን የመጀመሪያዋን አፈንድታለች። በ1955 ዓ.ም. በሞስኮ የተፈረመው ውል የአየሩን ፈተና አብዛኛውን ቢያስቀረውም፣ ከፈተናዎቹ የተነሣው ሲዚየም 137 የተባለው ነገር በነፋስ ምድርን ሁሉ ዞሮ ከዝናብ ጋራ ወርዷል። ይህ ነገር በ30 ዓመት ውስጥ በግማሽ ስለሚጎድል፣ በ1950ዎቹ ከወረደው ዛሬ አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ጥቂት ነው፤ ቢሆንም በዛሬው መሣሪያ ይታያል።

በታረሰ መሬት ላይ ማረሻው ቀላቅሎታል፣ ጎርፉም ወስዶታል፤ ሳይታረስ በኖረ መሬት ላይ ግን ከላይኛው አፈር ጋራ ተጣብቆ ይኖራል። የአየሩን የጥንት ታሪክ በትክክል ለማንበብ የሚፈልግ ሊቅ የሚሻው እንግዲህ ያልታረሰ መሬት ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ እንዲህ ያለ መሬት የት ይገኛል ቢባል ካህናቱ ሳይጠየቁ ይመልሱታል፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያለው የጽድና የወይራ ደን ነው። አባቶች ደኑን አስከብረው ያቈዩት ስለ ቤተ መቅደሱ ክብር ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የአየሩ መዝገብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ አፈር ጥቂት እፍኝ ለመውሰድ የደብሩ አስተዳዳሪ መፍቀድ፣ ምእመናኑም ምን እንደሚደረግ ማወቅ ይገባቸዋል። በስውር የተወሰደ አፈር ብዙ ወሬ ይወልዳል።

ይህ የቀድሞው ልክ ሳይጻፍ ማብላያ ቢሠራ ምን ይመጣል? ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሰው ከደኑ አፈር ሲዚየም ያገኛል። ሕዝቡ ከማብላያው የወጣ ነው ይላል፤ የማብላያው ሹም ከጥንቱ ቦምብ የቀረ ነው ይላል። ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። እውነት ማብላያው ንጹሕ ቢሆን ራሱን ለማጽዳት አይችልም፤ እውነት በድሎ ቢሆንም የተበደለው ገበሬ ሊረታው አይችልም። በፍርድ ቤት እንደሚታወቀው ምስክር የሌለው ክስና ምስክር የሌለው መልስ እኩል ናቸው። መዝገብ ቢኖር ግን ክርክሩ ባንድ ቀን ያልቅ ነበር።

በሌሎች አገሮች የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል። መስከረም 30 ቀን 1950 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዊንድስኬል በሚገኝ ማብላያ ውስጥ እሳት ተነሣ። የወጣው አዮዲን 131 በሣሩ ላይ ዐርፎ፣ ላሞቹ ግጠውት በወተታቸው ታየ፤ ወደ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን አገር ላይ የታለበው ወተት አንድ ወር ያህል እንዲፈስ ታዘዘ። ወተቱን የሚለካ ሰው ስለ ነበረ ሕፃናቱ ከብዙ ጉዳት ዳኑ። የአደጋው ሙሉ ምርመራ ግን 30 ዓመት ያህል ከሕዝብ ተሰውሮ ቈየ፤ በዚህም ምክንያት መለካቱ ያተረፈውን መታመን መሰወሩ አጠፋው።

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. በቼርኖቢል የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። የሶቪየት መንግሥት ለሁለት ቀን ያህል ለዓለም ሳይናገር ዝም አለ። ምስጢሩን የገለጠው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በስዊድን አገር በፎርስማርክ ማብላያ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሚያዝያ 20 ቀን ጠዋት መለኪያው በጫማው ላይ ጮኸ። ስዊድኖች አስቀድመው የገዛ ማብላያቸውን ተጠራጠሩ፤ ከዚያ ግን የአየራቸውን የዘወትር ልክ ያውቁ ስለ ነበረ ነፋሱ ከወዴት እንደ መጣ ፈጥነው ለዩ። ልኩን የማያውቅ አገር ቢሆን የራሱን ማብላያ በከንቱ በዘጋ፣ ወይም ነገሩን ሳያየው ባለፈ ነበር።

ለጉና ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን የዌልስ በጎች ታሪክ ነው። ዌልስ ከቼርኖቢል ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጉሙ ባለፈበት ቀን ግን በተራሮቹ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደና ሲዚየሙን አወረደው። የቆላው አፈር ሸክላ ስለ ሆነ ሲዚየሙን ይዞ አስቀረው፤ የተራራው አፈር ግን ጥቍርና ረግረጋማ፣ የበሰበሰ ሣር የበዛበት ስለ ሆነ ሊይዘው አልቻለም፤ ሣሩም ከዓመት ወደ ዓመት እየሳበ ለበጎቹ ሰጣቸው። በብሪታንያ ምድር በጠቅላላው 9,700 ያህል እርሻዎችና ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ በጎች በዕገዳ ውስጥ ገቡ። በአንድ ኪሎ ሥጋ 1,000 ቤኬሬል ያለፈ በግ ቀለም ተቀብቶ ከገበያ ይመለሳል፤ ወደ ቆላ ግጦሽ ወርዶ ጥቂት ሳምንት ሲቈይ ይነጻል። የመጨረሻው ዕገዳ የተነሣው ከ26 ዓመት በኋላ በ2004 ዓ.ም. ነው። የፋርጣ በግ የሚግጠው የጉና የላይኛው ደጋም ዝናብ የሚበዛበት፣ አፈሩ ጥቍር፣ ሣሩ የሚበሰብስበት አገር ነው። የዌልሱ ገበሬ በጉ ሲከለከል ካሳ የሚከፍለው መንግሥት ነበረው፤ የጉናው ገበሬ ግን ለግብሩ፣ ለልጁ ትምህርትና ለበዓሉ ያለው ተቀማጭ ያው በጉ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ መለካት ከሚገባው ነገር አንዱ የተራራው አፈር ሲዚየምን ይይዝ እንደ ሆነ ወይም ይለቅ እንደ ሆነ ነው፤ ይህም ማብላያ ሳይኖር ዛሬ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው።

ከበጉም በላይ የሕፃናቱ ነገር አለ። አዮዲን 131 በ8 ቀን በግማሽ የሚጎድል ቢሆንም ከሣር ወደ ወተት፣ ከወተትም ወደ ሕፃን ጕሮሮ የሚደርሰው በጥቂት ቀን ነው። በዩክሬን፣ በቤላሩስና በሩሲያ አገር በልጅነታቸው ያን ጊዜ የነበሩ ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ለብዙዎቹም ምክንያቱ ያለ ልኬት የተጠጣ ወተት መሆኑን ሊቃውንቱ መስክረዋል። በዚያ አገር አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው ዕጢው የተራበ ነበር፤ የተራበ ዕጢም የመጣለትን መልካሙንም ክፉውንም አይለይም፤ ይስበዋል። የኢትዮጵያ ደጋም አዮዲን በዝናብ የታጠበበት ስለ ሆነ እንቅርት ከጥንት የታወቀበት አገር ነው። አዮዲን ያለው ጨው በሕግ ከታዘዘ ወዲህ ነገሩ ቢሻሻልም፣ መለኪያ ሳይኖር ማብላያ መትከል በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማምጣት ይሆናል።

ስለ ምግብም ሌላ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። የቼርኖቢል አደጋ የሆነበት ቅዳሜ የሆሣዕና ዋዜማ ነበረ። በዚያ ሰሞን በጉና ዙሪያ ያለ ትልቅ ሰው ወተት አይቀምስም፤ ልጆቹ ግን ይጠጣሉ፤ ከፋሲካ በኋላም ሁሉም ይጠጣል። የፈረንጅ አገር የመለኪያ ሠንጠረዥ አንድ ሰው በቀን ይህን ያህል ወተት፣ ይህን ያህል ሥጋ ይበላል ብሎ የተሰላ ነው። በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን በላይ በሚጾምበት አገር እንዲሁ ቢወሰድ ስሌቱ ይሳሳታል፤ በጾም ወራት የሚለካው ሽሮው፣ ድንቹና ጎመኑ፣ በፍስክ ወተቱና ቅቤው መሆን አለበት። ይህን የሚያውቁት የፊዚክስ ሊቃውንት አይደሉም፤ የባሕረ ሐሳብን ስሌት የሚያውቁት ናቸው። ሁለቱ ባንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ለሥራው ይበጃል።

የመለካቱ ሥራ ራሱ እጅግ የረቀቀ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በየአጥሩና በየትምህርት ቤቱ ጣራ እንደ ክታብ ያነሰች መለኪያ ትሰቀላለች፤ በየሦስት ወሩ ወርዳ ትነበባለች። ሌላው መሣሪያ አየር እየሳበ አቧራውን በወረቀት ላይ ያስቀራል፤ ወረቀቱ በየሳምንቱ ይለወጣል። አፈር፣ ሣር፣ ወተት፣ ገብስ፣ የርብ ደለልና የጣና ዓሣ በየወራቱ እየተወሰዱ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች እስከ 196 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ናይትሮጅን አጠገብ በተቀመጠ የጀርማኒየም ድንጋይ ይመረመራሉ። ድንጋዩ እያንዳንዱን የጨረር ዓይነት በድምፁ እንደሚታወቅ መዘምር ለይቶ ያውቀዋል። ከባዱ ነገር መሣሪያውን መግዛት አይደለም፤ በየሳምንቱ ያለ መታከት ወረቀቱን መለወጥ፣ ቍጥሩንም ሳያሳምሩ መጻፍ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን አገር በፉኩሺማ ምድር ተናወጠች፣ ባሕሩም ወጣ፤ በዙሪያው ከነበሩት መለኪያዎች አብዛኞቹ በተፈለጉበት ሰዓት ዝም አሉ፤ መብራቱ ጠፍቶ ነበርና። የናሚዬ ከተማ ሰዎች ከማብላያው ለመራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጹሺማ ወደ ተባለው ስፍራ ሸሹ፤ ጉሙም ወደዚያው ነበር የሄደው። የነፋሱን መንገድ የሚተነብይ መሣሪያ መንግሥቱ ነበረው፤ ውጤቱ ግን በጊዜው ለሸሹት አልደረሳቸውም። በጃፓን እንዲህ ከሆነ፣ መብራት በክረምት በሚቈራረጥበት በደጋው አገር መለኪያው ከፀሐይ ኃይል የሚያገኝ የራሱ ባትሪ ሊኖረው፣ ቍጥሩም ወደ ቀበሌው ጭምር እንጂ ወደ አዲስ አበባ ብቻ ሊሄድ አይገባም። ጸጥታ በጎደለበት ስፍራም መለኪያ ሳይነካ አይውልም፤ ይህም ከወጪው ጋራ አብሮ የሚታሰብ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሚለካው ማን ነው የሚለው ነው። በገበያ ሻጩ በራሱ ቁና ሲሰፍር ገዥው ይጠራጠራል፤ ቁናው የሞላ ቢሆን እንኳ ይጠራጠራል። ስለ ኑክሌር ደኅንነት የተደረገው ዓለም አቀፍ ውልም በ8ኛው አንቀጹ የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት ከሚያስፋፋው መሥሪያ ቤት እንዲለይ ያዛል። በኢትዮጵያ የጨረር መከላከያ ባለሥልጣን በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 79 ተቋቁሞ ነበር፤ ሕጉ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 571፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 1025 ታድሷል፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ከሌሎች ሥራዎች ጋራ ተጠቃልሎ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተዛውሯል። ማጠቃለሉ ወጪን ለመቀነስ ይጠቅም ይሆናል፤ ለኤክስሬይ መሣሪያዎች ቍጥጥርም ይበቃ ይሆናል። አንድ ማብላያ የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት ግን ሌላ ሥራ የማይደረብበት፣ በጀቱም ማብላያውን ከሚያሠራው ኮሚሽን እጅ የማይወጣ ሊሆን ይገባል። ኮሚሽኑ ሲቸኵል፣ የሚለካው ሰው ቆይ ለማለት ሥልጣንና እንጀራ ያስፈልገዋል።

እስከ ዛሬ ድረስ በአገሩ ውስጥ ያሉት የጨረር ምንጮች ትንንሾች ናቸው። በጥቍር አንበሳ ሆስፒታል ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ካንሰርን ለማከም የመጣው ኮባልት 60፣ በ1999 ዓ.ም. በቃሊቲ በተመረቀው ጣቢያም የቆላ ዝንብን ወንዶች ለማምከን የዋለው ከእነዚሁ ናቸው። ትንንሽም ቢሆኑ መዘንጋት አይገባም፤ በብራዚል አገር በጎያኒያ በመስከረም 1980 ዓ.ም. ከተተወ ሐኪም ቤት አንድ የሲዚየም ዕቃ ተሰርቆ ቢሰበር 4 ሰዎች ሞተዋል፣ ከ112,000 የሚበልጡ ሰዎችም ተመርምረዋል። ነገር ግን እነዚህ በግንብና በእርሳስ የተዘጉ ምንጮች ናቸው፤ የአገር አየር የመለካት ልምድ ከእነርሱ አይገኝም። ይህ ልምድ ገና መጀመር አለበት። የአቶም ፈተናን ሁሉ የሚከለክለው ውል በዓለም ላይ አየሩን የሚጠብቁ 80 ጣቢያዎች ሲዘረዝር በኢትዮጵያ ምድር ፊልቱን መርጧል፤ አንድ ስፍራ ግን ለሰፊው ምድር አይበቃም። የጀርመን መንግሥት 1,700 ያህል መለኪያዎች በአገሩ ላይ አስቀምጧል፤ የመጨረሻዎቹን ማብላያዎች ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከዘጋ በኋላ እንኳ አላነሣቸውም፤ የጎረቤት አገር ነፋስ ድንበር አያውቅምና።

ደብረ ታቦር ለዚህ ሥራ ባዶ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ወጣቶች አሏት። በአጠገቧ በጋፋት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ የቀለጠባት አገር ስለ ሆነች ለባዕድ ጥበብም እንግዳ አይደለችም። የሴባስቶፖል ኃይል ግን በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ነበር፤ የዛሬው ኃይል ያለ መሣሪያ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም። ስለዚህ የማያየውን ነገር እንዲያምን የሚጠየቀው ገበሬ ቢያንስ ቍጥሩን በቋንቋው ማንበብ ይገባዋል። ልኩ በየወሩ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ጥሩውም ክፉውም ቍጥር ሳይመረጥ ቢነገር፣ ቄሱም መምህሩም ሊያስረዱት ይችላሉ። ጥሩው ብቻ ሲለጠፍ የኖረ ሰሌዳ በክፉ ቀን የሚያምነው አያገኝም።

የዓለም አቀፉ ድርጅት መመሪያ እንደሚያሳየው አንድ አገር ማብላያ ለመሥራት ካሰበበት ቀን እስከ መጀመሪያው መብራት ድረስ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያልፋል። በአሜሪካ አገር ልማድ ማብላያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢው ልክ ቢያንስ 2 ዓመት ይመዘገባል። የኢትዮጵያ ደጋ ግን ዝናቡ በጥቂት ወራት የሚጠቃለልበት፣ አፈሩ በጎርፍ የሚሄድበት አገር ስለ ሆነ 2 ክረምት ብቻ ማየት ያንሳል፤ አንዱ ክረምት ደረቅ፣ ሌላው ብርቱ ሊሆን ይችላልና። ስፍራው እስኪመረጥ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ለምርጫው ራሱ ልኩ ይጠቅማል። የመጀመሪያው አፈር ከሰኔ ዝናብ በፊት ከጉና ራስ፣ ከደኖቹና ከእርሻው ቢወሰድ፣ ሁለተኛውም በጥቅምት ከዚያው ስፍራና ከርብ ግድብ ደለል ቢወሰድ፣ ክረምቱ ከተራራው ምን ያህል እንዳወረደ በዚያው ዓመት ይታወቃል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ጥቂት የሠለጠኑ ወጣቶች፣ አንድ የጀርማኒየም መሣሪያ፣ አንድ መኪናና በየዓመቱ የማይቋረጥ የበጀት መስመር ናቸው፤ የኮሚሽኑ በጀት በሚዘጋጅበት ወቅት ይህ መስመር ለብቻው፣ በተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስም ሊጻፍ ይገባዋል።